ፕራይመር በእጅ ማስገቢያ መሣሪያ፦ ስለ አመራረጡና አጠቃቀሙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አሜሪካ ውስጥ ለአደን ወይም ለዒላማ ተኩስ የራሳቸውን የጠመንጃ ጥይት በሕጋዊ መንገድ መልሰው ለሚሞሉ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው።

ፕራይመር ምንድን ነው? ጥይቱ ውስጥስ ሥራው ምንድን ነው?

አንድ ጥይት ቀለሃ፣ ባሩድ፣ አረርና ፕራይመር አለው። ፕራይመር በቀለሃው ግርጌ መሐል ላይ የምትታየው ክብ ነገር ናት። ስፋቷ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ኩባያ መሰል ብረት ውስጥ ሲመታ የሚቀጣጠል ውህድ ተሞልቶ፣ ከላዩ እግር ያላት ትንሽ መስፍ ተቀምጣበታለች። የጠመንጃው መርፌ ኩባያዋን ከውጭ ሲመታት ውህዱ በኩባያዋና በመስፏ መካከል ይደቆሳል፤ አንጥረኛ ብረቱን በመዶሻና በመስፍ መካከል እንደሚቀጠቅጠው ማለት ነው። የተነሣው እሳት ቀለሃው ውስጥ ባለችው ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያቀጣጥላል።

እዚህ የምናወራው ቦክሰር ስለሚባለው ዓይነት ብቻ ነው። በርዳን የሚባለው ሌላው ዓይነት መስፉ የቀለሃው አካል ነው፤ በተለመደው መሣሪያም አይወጣም፣ ሊያወጡት ሲሞክሩ የማውጫ መርፌው ይሰበራል። ለመለየት በባትሪ ወደ ቀለሃው ውስጥ ይመልከቱ። መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ቦክሰር ነው፤ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉ በርዳን ነውና ለብቻው ይለዩት። የሚገርመው ቦክሰር እንግሊዛዊ፣ በርዳን ደግሞ አሜሪካዊ ነበሩ፤ አሜሪካ ግን የእንግሊዛዊውን፣ አውሮፓ በብዛት የአሜሪካዊውን አሠራር ይዘው ቀሩ።

ጥይት በሚሞላበት የጠረጴዛ ፕሬስ ላይ ማስገባት እየተቻለ የእጅ መሣሪያ ለምን ያስፈልጋል?

እጅ ላይ ለሚሰማው ነገር ሲባል ነው። የፕሬሱ እጀታ ረጅም፣ ጉልበቱም ብዙ ስለሆነ ፕራይመሩ እየገባ ይሁን እየተጨፈለቀ ለመለየት ያስቸግራል። በእጅ መሣሪያ ሲጫኑ ግን ፕራይመሩ ከጎድጓዱ (ቀለሃው ግርጌ ላይ ካለው የፕራይመር መቀመጫ) አፍ ሲገባ፣ በግድግዳው ላይ ሲንሸራተት፣ በመጨረሻም የመስፏ እግሮች ወለሉን ሲነኩ ሦስቱም መዳፍዎ ላይ ይሰማሉ። የላላ ቀለሃ፣ ያልጸዳ ጎድጓድና ያልተነሣ ክሪምፕ (ፋብሪካው ወደ ውስጥ የጨቆነው የጎድጓድ አፍ) የሚታወቁትም በዚሁ ስሜት ነው።

ሌላው ጥቅሙ እያንዳንዱን ቀለሃ እጅ ውስጥ አስገብቶ አገላብጦ ማየት ማስገደዱ ነው። በሺህ የሚቆጠር የሽጉጥ ጥይት ብዙውን ደረጃ በአንድ ጊዜ በሚሠራው ፕሮግረሲቭ ፕሬስ ለሚሞላ ሰው ይህ ጊዜ ማባከን ሊሆን ይችላል። ለጠመንጃ፣ በተለይ በአንድ ጊዜ 50 ወይም 100 ጥይት ለሚሠራ ሰው፣ የእጅ መሣሪያ ከፕሬስ ይሻላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን ዓይነት ልግዛ?

ገበያ ላይ ያሉት በአሠራራቸው አራት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ፕራይመሮቹ የሚፈስሱበት ትሪ ያለውና ቀለሃውን በሼል ሆልደር (ለየጥይቱ ዓይነት በሚቀየር የቀለሃ መያዣ) የሚይዘው ነው። ሊና አርሲቢኤስ የተባሉት ኩባንያዎች የሚሠሯቸው መደበኛ የእጅ መሣሪያዎች እዚህ ውስጥ ናቸው። የሊው ዋጋው ዝቅተኛ፣ ክብደቱም ቀላል ነው፤ ነገር ግን እጀታውና መግፊያው የሚገናኙበት ቦታ ከጊዜ ብዛት ይበላልና መለዋወጫ መያዝ ጥሩ ነው። ሁለተኛው የአርሲቢኤስ ዩኒቨርሳል ሲሆን ሼል ሆልደር አይፈልግም፤ በሞላ የሚከፈቱ መንጋጋዎቹ የቀለሃውን ከንፈር (የግርጌውን ጠርዝ) ራሳቸው ይይዛሉ። ብዙ ካሊበር (የጥይት መጠን) ላለው ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። መንጋጋው ቀለሃውን እንደ ሼል ሆልደር ቀጥ አድርጎ ስለማይይዘው ግን ፕራይመሩ ዘመም ብሎ እንዳይገባ ሲጫኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጥልቀቱ የሚስተካከል ነው። ፍራንክፎርድ አርሰናል ፐርፌክት ሲት የሚታወቅ ምሳሌ ሲሆን አካሉ ብረት ነው፣ 12 ሼል ሆልደርም አብሮት ይመጣል። አራተኛው ፕራይመሩን አንድ በአንድ በእጅ እያስቀመጡ የሚጫኑበት፣ እንደ ኬ ኤንድ ኤም እና ሲንክሌር ያሉት ናቸው። እነዚህ ቀርፋፋና ውድ ናቸው፤ የሚሰማው ስሜት ግን ከሁሉም የጠራ ነው።

ለጀማሪ የምንመክረው አካሉ ብረት የሆነና በትሪውና በሚገባው ፕራይመር መካከል መለያ በር ያለውን ነው። በሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ስለ ትሪው በተጠየቀው ጥያቄ ሥር ተብራርቷል። አንድ በአንድ የሚጭነውን በሩቅ ርቀት ዒላማ መወዳደር ሲጀምሩ ያስቡበት፤ ለአጋዘን አደን ምንም ትርፍ የለውም።

ጥልቀቱ የሚስተካከለውን ከገዛሁ አንዴ አስተካክዬ ልተወው እችላለሁ?

አይችሉም። መሣሪያው የሚለካው ከቀለሃው ከንፈር ተነሥቶ ነው፤ ሼል ሆልደሩ የሚይዘው ከንፈሩን ነውና። የከንፈሩ ውፍረት ደግሞ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ለአንዱ ፋብሪካ ቀለሃ በትክክል የተስተካከለው ለሌላው ፕራይመሩን ወጣ አድርጎ ሊያስቀር ወይም ከልክ በላይ ሊጫን ይችላል። ቀለሃ በቀየሩ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን አምስት ይለኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመስፏ እግሮች ወለሉን መንካታቸውን እጅዎ ሳያረጋግጥ በማስተካከያው ቁጥር ብቻ አይተማመኑ።

የአንዱን ኩባንያ ሼል ሆልደር ለሌላው መሣሪያ መጠቀም ይቻላል?

አንዳንዴ ይቻላል፣ ቁጥሩን አምኖ ግን አይሆንም። ለ.308 ዊንቸስተርና ለ.30-06 ስፕሪንግፊልድ የአርሲቢኤስ ቁጥር 3፣ የሆርናዲ ቁጥር 1፣ የሊ የፕሬስ ሼል ሆልደር ደግሞ ቁጥር 2 ነው። ለ.223 ሬሚንግተን አርሲቢኤስ 10፣ ሆርናዲ 16፣ ሊ 4 ይላሉ። ሊ በዚህ ላይ ለእጅ መሣሪያው የተለየ ሼል ሆልደር ይሠራል፤ የፕሬሱ አይገባበትም። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ለእጅ ፕራይሚንግ መሆኑ የተጻፈ መሆኑን ያረጋግጡ።

ለጠመንጃዬ ትልቁን ነው ትንሹን ፕራይመር የምገዛው?

የጠመንጃ ፕራይመር ሁለት መጠን አለው። ትልቁ ወርዱ 0.210 ኢንች፣ ማለትም 5.33 ሚሊ ሜትር፣ ትንሹ 0.175 ኢንች፣ ማለትም 4.45 ሚሊ ሜትር ነው። .30-06፣ .270 እና .243 ትልቁን፣ .223 ትንሹን ይወስዳሉ። ሰው የሚሳሳተው 6.5 ክሪድሙርና .308 ላይ ነው። የሆርናዲ 6.5 ክሪድሙር ቀለሃ ትልቁን ሲወስድ የላፑዋው ትንሹን ይወስዳል፤ ላፑዋ ፓልማ የሚባለውን .308 ቀለሃም ለትንሹ ይሠራል። የእነዚህ የላፑዋ ቀለሃዎች የእሳት ቀዳዳም ጠባብ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀጭን የማውጫ መርፌ ይፈልጋሉ፤ በመደበኛው ከሞከሩ መርፌው ይጣበቃል ወይም ይሰበራል።

የሽጉጥ ፕራይመር በጠመንጃ ቀለሃ ውስጥ አያስገቡ። ትልቁ የሽጉጥ ፕራይመር ወርዱ ከጠመንጃው ጋር እኩል ነው፣ ቁመቱ ግን ያጥራል፤ ስለዚህ ይገባል፣ አለቅጥም ይጠልቃል። ትንሹ በመጠን ያው ሆኖ ሳለ የኩባያው ብረት ስስ ስለሆነ የጠመንጃን ግፊት አይችልም፤ ሲበሳ ጋዙ ወደ ኋላ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ከመደበኛው የበረታ እሳት የሚሰጠውን ማግነም ፕራይመርንም የባሩድ መጠን የሚነግረው የመሙያ መጽሐፍ ካላዘዘ በመደበኛው ቦታ አይተኩ። መጽሐፉ የጻፈው የባሩድ መጠን ከተጠቀሰው ፕራይመር ጋር የተፈተነ ነው። ፕራይመር ሲቀይሩ ከመነሻው ዝቅተኛ መጠን እንደገና መጀመር አለብዎ።

ፕራይመር ከማስገባቴ በፊት ቀለሃው እንዴት መዘጋጀት አለበት?

ያረጀው ፕራይመር ወጥቶ፣ ቀለሃው ተስተካክሎ፣ ቁመቱ ተቆርጦና የጎድጓዱ ጥላሸት ተጠርጎ። ጥላሸቱ ወለሉ ላይ ሲጋገር አዲሱ ፕራይመር እስከ ታች እንዳይደርስ ያግደዋል። ለዚህ የተሠራውን መፋቂያ አስገብቶ ሦስትና አራት ጊዜ ማዞር ይበቃል።

ቀለሃውን በበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም በዋልነት ቅርፊት ካጸዱት አንዲት ፍሬ የእሳት ቀዳዳውን ዘግታ ልትቀር ትችላለችና እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ። በውኃ ካጠቡት ደግሞ ውስጡ እስኪደርቅ ድረስ ይቆዩ። ላዩ የደረቀ ቀለሃ ጎድጓዱ ማዕዘን ላይ ጠብታ ይዞ ይቀራል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ እንዴት ነው?

መጀመሪያ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ጠረጴዛው ላይ ባሩድ፣ ሲጋራም ሆነ ሌላ እሳት አይኑር። ያወጡት የፕራይመር ዓይነት አንድ ብቻ ይሁን፣ ብዛቱም ከ100 አይበልጥ፤ የቀረው በፋብሪካ ማሸጊያው ውስጥ ተዘግቶ ሌላ ቦታ ይቆይ። ለትልቁና ለትንሹ የሚሆነው መግፊያ የተለያየ ስለሆነ ትክክለኛው መገጠሙን ያረጋግጡ።

ፕራይመሮቹን ትሪው ላይ አፍስሰው ቀስ ብለው በጎን ይወዝውዙት፤ የትሪው ሸንተረሮች የተገለበጡትን ያቀኗቸዋል። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች መስፏ ወደ ላይ፣ የሚያብረቀርቀው የኩባያው ጀርባ ወደ ታች መሆን አለበት። የቀሩትን አንድ ሁለቱን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ነገር አዙረው ክዳኑን ይዝጉ። መሣሪያውን ትሪው ከፍ እንዲል ዘንበል አድርገው ይያዙት፤ ፕራይመሩ የሚንሸራተተው በክብደቱ ነው።

ቀለሃውን ሼል ሆልደሩ ውስጥ እስከ መጨረሻው ያስገቡ። ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ቀለሃ ፕራይመሩን በጠርዙ ይቆርጠዋል። እጀታውን በቀስታ፣ ሳያቋርጡ ይጫኑ። የመጀመሪያው ተቃውሞ የጎድጓዱ አፍ ነው፤ ከዚያ ለስላሳ መንሸራተት ይመጣል፤ ከዚያ ግትር ማቆሚያ። ማቆሚያው ላይ ሲደርሱ ጥቂት ጨመር አድርገው ያጥብቁና ይልቀቁ። ብዙ ሰዎች ቀለሃውን ግማሽ ዙር አዙረው አንዴ ይደግሙታል። ይህ ዘመም ብሎ የገባውን ያቀናዋልና ጥሩ ልማድ ነው። ያልተለመደ ተቃውሞ ከተሰማዎ በጉልበት አይጫኑ፤ ቀለሃውን አውጥተው ይመልከቱ።

ፕራይመሩ ምን ያህል መጥለቅ አለበት? እንዴትስ ልለካው?

ከቀለሃው ግርጌ ከ3 እስከ 5 ሺኛ ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። በሚሊ ሜትር ከ0.08 እስከ 0.13 አካባቢ ነው። በምንም ምክንያት ከግርጌው ከፍ ብሎ አይቅር። ትንሽ የሚጠልቅበት ምክንያት የመስፏ እግሮች ወለሉን ነክተው ውህዱን ጠበቅ እንዲያደርጉት ነው፤ እንዲህ የተቀመጠ ፕራይመር በእያንዳንዱ ምት አንድ ዓይነት እሳት ይሰጣል።

ፈጣኑ መለኪያ ጣትዎ ነው። የሌባ ጣትዎን በግርጌው ላይ ሲያሳልፉ መሐል ላይ ትንሽ ስርጉድ ካለ ገብቷል። ጉብታ ከተሰማዎ አልገባም። ሁለተኛው መንገድ ቀለሃውን መስታወት ላይ ማቆም ነው፤ የተወዛወዘው ፕራይመሩ ወጣ ያለ ነው። ቁጥር ከፈለጉ የካሊፐሩን (የውፍረትና የጥልቀት መለኪያውን) ጭራ ግርጌው ላይ አስደግፈው የጥልቀት ዘንጉን ወደ ፕራይመሩ መሐል ያውርዱ። ከ50 ቀለሃ አምስቱን በካሊፐር፣ ሃምሳውንም በጣት መፈተሽ ለአደን በቂ ነው። በጣት የመፈተሹን ነገር ግን አንድም ቀለሃ እንዳያመልጠው።

ትንሽ ወጣ ብሎ ቢቀር ምን ችግር ያመጣል?

ሁለት ነገር ያመጣል፤ አንዱ ጥይት ያባክናል፣ ሌላው ሰው ይጎዳል። ቀላሉ ጥይቱ አለመተኮሱ ነው። መርፌው ሲመታ ጉልበቱ ፕራይመሩን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቃል፤ ውህዱ አይደቆስም። ሁለተኛ ሲመታ የሚተኮስ ጥይት ካጋጠመዎ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጠመንጃው ሳይሆን በደንብ ያልገባ ፕራይመር ነው። ያልተኮሰ ጥይት ሲያጋጥም አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰኮንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል።

አደገኛው ቃታ ሳይሳብ መተኮሱ ነው። እንደ ኤም1 ጋራንድ፣ ኤም14፣ ኤስኬኤስና ኤአር-15 ባሉ በራሳቸው በሚጎርሱ ጠመንጃዎች መርፌው በሞላ አልተያዘም። ቦልቱ (ጥይቱን አጉርሶ ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ወደ ፊት ሲወረወር መርፌው በራሱ ፍጥነት ሄዶ ፕራይመሩን ዳበስ ያደርጋል። ጎርሶ ሳይተኮስ የቀረ ጥይት አውጥተው ቢያዩ ፕራይመሩ ላይ ትንሽ ነጥብ የሚያገኙት ለዚህ ነው። በትክክል የጠለቀን ፕራይመር ይህ ዳበሳ አይነሣሣውም፤ ወጣ ያለውን ግን ቦልቱ ሳይቆለፍ ሊያቀጣጥለው ይችላል፤ ያን ጊዜ ጠመንጃው ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ለእነዚህ ጠመንጃዎች ሲሲአይ የተባለው አምራች ቁጥር 34ን በትልቁ፣ ቁጥር 41ን በትንሹ መጠን በወታደራዊ ደረጃ ይሠራል፤ በቀላል ምት እንዳይነሡ የታሰቡ ናቸው። እነሱንም ቢጠቀሙ ጣትዎ ግርጌውን መዳበሱ አይቀርም።

ፕራይመሩ አልገባ ይላል። ምን ላድርግ?

ቀለሃው የጦር ሠራዊት ከሆነ ምክንያቱ ክሪምፕ ነው። ፋብሪካው ፕራይመሩ እንዳይነቃነቅ የጎድጓዱን አፍ ወደ ውስጥ ጨቁኖታል፤ አሮጌው ሲወጣ የተጨቆነው ጠርዝ ይቀራል። ሌክ ሲቲ የተባለው ፋብሪካ በሠራቸው 5.56 እና 7.62 ናቶ ቀለሃዎች ላይ በብዛት ይታያል፤ ግርጌው ላይ በፕራይመሩ ዙሪያ ቀለበት ወይም የተወጉ ነጥቦች ካዩ ክሪምፕ አለ። አፉን በስዌጅ መግፋት ወይም በሪመር መላጥ ይቻላል። ስዌጅ ብረት አይቀንስምና ይመረጣል። በሪመር ከሠሩ አፉ ላይ ቀጭን ዘመም ያለ ጠርዝ ሲወጣ ያቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ ጎድጓዱ ይሰፋል። አንዴ የተነሣ ክሪምፕ ተመልሶ አይመጣም።

ክሪምፕ የሌለው ቀለሃ እምቢ ካለ ደግሞ መግፊያው የትልቁ ይሁን የትንሹ፣ ሼል ሆልደሩ ትክክል ይሁን፣ ጎድጓዱ ውስጥ የቀረ የአሮጌ ፕራይመር ቀለበት አለመኖሩን በቅደም ተከተል ይመልከቱ።

በጣም በቀላሉ ይገባል፤ ጥሩ ነው?

አይደለም። ጎድጓዱ ሰፍቷል ማለት ነው፤ የሚያሰፋውም ብዙ ጊዜ መሞላት ወይም ከልክ ያለፈ ግፊት ነው። በአውራ ጣት ብቻ የሚገባ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲያንኳኩት የሚወድቅ ፕራይመር ከያዘ ቀለሃው ያበቃለት ነው። ከንፈሩን በፒንሳ አጣመው ይጣሉት፤ ካላጣመሙት ተመልሶ ከጥሩዎቹ ጋር ይቀላቀላል። ከሁለትና ከሦስት አሞላል በኋላ ብዙ ቀለሃዎች አንድ ላይ ከላሉ ቀለሃውን አይውቀሱ፤ የባሩድ መጠንዎ በዝቷል።

ተገልብጦ ወይም በጎኑ የገባውን ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ ባሩድ ከሌለበት ብቻ። የተሻለው መንገድ ሊያወጡት ያሰቡትን በመጀመሪያ ማምከን ነው። ፕራይመሩ ቀጥ ብሎ ከገባና ቀለሃው ባዶ ከሆነ ጠመንጃው ውስጥ አስገብተው ተኩስ ሜዳ ላይ ይተኩሱት፤ አረር ባይኖርም ድምፁ ጆሮ ይጎዳልና መከላከያ ያድርጉ። የተገለበጠውና የተጨፈለቀው በዚህ መንገድ አይሄድም፤ በፕሬሱ የማውጫ ዳይ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርገው፣ አንድ በአንድ፣ እጀታውን እንደ ቅቤ በሚያልፍ ቀስታ ይጫኑ። በመዶሻ አይምቱት፣ አያንኳኩት።

ዘይት ወይም ዝገት ማላቀቂያ መንፋት ፕራይመርን ያመክናል የሚለው ወሬ አያስተማምንም፤ ሲደርቅ ሥራውን የሚሠራ ብዙ ነው። የተነፋበትንም እንደ ሕያው ይቁጠሩት። የወጣውን ፕራይመር ደግሞ ደህና ቢመስልም መልሰው አይጠቀሙበት።

ትሪው ውስጥ ያሉት በአንድ ጊዜ ሊፈነዱ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ደርሶም ያውቃል። አንዱ ሲጨፈለቅ ቢቀጣጠል እሳቱ በመተላለፊያው ወደ ትሪው ሄዶ ጎን ለጎን ያሉትን በሰንሰለት ያነሣቸዋል። መቶ ፕራይመር መዳፍዎ ውስጥ፣ ፊትዎ አጠገብ እንደያዙ ያስቡት። ከላይ መለያ በር ያለውን ግዙ ያልነው ለዚህ ነው፤ በሩ የሚገባውን ፕራይመር ከቀሩት ይነጥለዋል። በር የሌለው አሮጌ መሣሪያ ካለዎ ትሪው ውስጥ ጥቂት ብቻ ያድርጉ።

ፌደራል የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ፕራይመሮች በቀላሉ የሚነሡ በመሆናቸው በጠመንጃ ተኳሾች ዘንድ ይወደዳሉ፤ ማሸጊያቸው ትልቅ ሆኖ ፕራይመሮቹ ተራርቀው የሚደረደሩትም ለጥንቃቄ ነው። አንዳንድ የትሪ መሣሪያዎች መመሪያ የትኞቹን ፕራይመሮች ብቻ እንደሚቀበል በስም ይዘረዝራል፤ ያልተዘረዘረውን አይጨምሩበት። ሌላው አደጋ አቧራው ነው። ፕራይመሮች ሲፋተጉ የውህዱ ብናኝ ትሪው ላይና መግፊያው ሥር ይከማቻል። በየመቶው በእርጥብ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ያድርቁት።

በጣቴ ብነካው ይበላሻል?

ደረቅና ንጹሕ ጣት አያበላሸውም። ዘይት የነካው ጣት፣ በተለይ ጠመንጃ ሲወለውሉ የቆዩበት እጅ፣ ውህዱን ሊያመክነው ይችላል። እጅዎን ታጥበው አድርቀው ይጀምሩ።

ከመቶ በላይ ስሠራ እጄ ይዝላል። መፍትሔ አለው?

የእጀታውን ጉልበት ከጣቶች ይልቅ በመዳፉ ሥጋ ይጫኑ፤ በየ50ው ዕረፍት ያድርጉ። ቁርጥማት ያለበት ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረውን የፕራይመር ማስገቢያ ይግዛ፤ ስሜቱ ከፕሬስ ይሻላል፣ ድካሙም ይቀንሳል።

ፕራይመሩ ውስጥ ያለው እርሳስ (መርዛማው ብረት) ቤት ውስጥ ላሉ ልጆች ያሰጋል?

አዎ፣ በቁም ነገር ሊያዝ ይገባል። የተለመደው የፕራይመር ውህድ የእርሳስ ውህድ ነው። ሕያው ፕራይመር ከማስገባት ይልቅ የበለጠ የሚያሰጋው የተተኮሰውን ማውጣትና ጎድጓዱን መፋቅ ነው፤ ያ ጥቁር ጥላሸት እርሳስ አለው። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ፣ ለልጅ የምናጎርስ ሰዎች ነን። ጥፍር ሥር የገባ ጥላሸት ከእንጀራው ጋር ወደ አፍ ይገባል። ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እስከ ክርን ይታጠቡ፣ ጥፍርዎን ይፈግፍጉ፣ ልብስዎን ይቀይሩ። ቀለሃ በወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አይታጠብ፤ ሥራው እየተሠራ ቡና አይጠጣ፣ ቆሎም አይቆረጠም።

ሥራው ምንጣፍ ያለበት ክፍል ውስጥ አይሁን። የወደቀች ፕራይመር ምንጣፉ ውስጥ ትደበቃለች፤ በኋላ ልጅ ያገኛታል ወይም የኤሌክትሪክ መጥረጊያው ጎትቶ ውስጡ ያፈነዳታል። ጠረጴዛውንም በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ።

ቤት ውስጥ ስንት ፕራይመር ማስቀመጥ ይቻላል?

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደረጃ፣ ኤንኤፍፒኤ 495፣ ለመኖሪያ ቤት እስከ 10,000 ፕራይመር ይፈቅዳል። ከተማዎ ወይም የኪራይ ውልዎ ከዚህ ሊያንስ ይችላልና ይጠይቁ። የአፓርታማ ነዋሪ በተለይ ውሉን ያንብብ። ፕራይመር ሁልጊዜ በመጣበት ማሸጊያ ውስጥ ይቀመጥ። ጠርሙስ ወይም ጣሳ ውስጥ የተገለበጠ ፕራይመር ቦምብ ነው፤ አንዱ ቢነሣ ሁሉም አብረው ይነሣሉ። ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለና ከባሩዱ የተለየ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይበቃል።

ፈቃድ ያስፈልገኛል? በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለሁስ?

ለራስ መጠቀሚያ መሙላት የፌደራል ፈቃድ አይጠይቅም። ለሽያጭ ከሆነ የጥይት አምራች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለጓደኛ በገንዘብ መሙላትም ከሽያጭ ሊቆጠር ስለሚችል አያድርጉት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የፌደራሉ ሕግ ፕራይመርን፣ ቀለሃን፣ አረርንና ባሩድን ለየብቻቸውም «ጥይት» ብሎ መተርጎሙ ነው። ስለዚህ ጥይት መያዝ የተከለከለ ሰው አንዲት ፕራይመርም መያዝ አይችልም። በኤፍ-1፣ በኤች-1ቢ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው። ከክልከላው ከሚያወጡት አንዱ በአንድ የአሜሪካ ግዛት በሕግ የተሰጠና ጊዜው ያላለፈበት የአደን ፈቃድ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም። የግዛቶች ሕግ ደግሞ ይለያያል፤ ለምሳሌ ማሳቹሴትስ ፕራይመርን ራሱን ከጥይት ቆጥሮ የመሣሪያ ፈቃድ ይጠይቅበታል። ጉዳይዎ የኢሚግሬሽን ነገር ካለበት ከመግዛትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ ስሕተቱ ከመቀጫ አልፎ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል።

ለዘመድ ወደ ኢትዮጵያ ይዤ መሄድ እችላለሁ?

አይችሉም። ፕራይመርና ባሩድ በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ ክልክል ናቸው። የተዘጋጀ ጥይት በአሜሪካ በረራ ላይ በተወሰነ ሁኔታ መጫኑ ብዙዎችን ያሳስታቸዋል፤ ፕራይመር ለብቻው በዚያ ውስጥ አይካተትም። ኢትዮጵያ ውስጥም የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ሲሆን ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው። ከአሮጌ ሻንጣ ኪስ በወጣች አንዲት ፕራይመር ምክንያት ቦሌ ላይ እንዳይቆሙ፣ ለተኩስ ሜዳ የተጠቀሙበትን ቦርሳ ለጉዞ አይጠቀሙበት።